አንድ ዘበኛ ለሁለት በር

ባለ ሁለት ሲም ቀፎ የያዘ ሰው ሁለት ስልክ ያለው የሚመስለው ካለ፣ ወይ ልጅ ነው ወይ ስልክ ሻጭ። እኔ ሁለቱንም አይደለሁም። ጡረታ የወጣሁ፣ ጉልበቴን የሚያመኝ፣ ሒሳቤን ግን የማልስት ሽማግሌ ነኝ። ሁለት ሲም ገዝቼ፣ ሁለት ጊዜ መታወቂያ አሳይቼ፣ ለሁለት ኩባንያ ካርድ እየሞላሁ፣ በአንዱ መስመር ሳወራ ሌላው ድራሹ ይጠፋል። በዚያ ሰዓት የሚደውልልኝ ሰው የሚያገኘው ያችን ሴትዮ ነው። ታውቋታላችሁ። ሌሊት የማትተኛ፣ በዓል የማታከብር፣ ሳትቆጣም ሳታዝንም ሰው እንደማይገኝ የምትናገረውን። ደዋዩም ይሄ ሽማግሌ ወይ ሞቷል፣ ወይ ብድር እንዳልጠይቀው ፈርቶ ስልኩን አጥፍቷል ብሎ ይደመድማል። ኧረ እዚሁ ነኝ! ቀፎውም በእጄ ነው! እያወራሁበት ነው!

ለልጅ ልጄ አቤት ብለው «ኖርማል ነው አባባ» አለኝ። ዘንድሮ ያልተስተካከለ ነገር ሁሉ ስሙ ኖርማል ሆኗል። መንገድ ተቆፍሮ ሲቀር ኖርማል፣ ውኃ ሲጠፋ ኖርማል፣ ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በስልክ አለመገኘቱም ኖርማል።

የምኖረው ከቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጥር ብዙም ሳይርቅ ነው። ይህን ቤት ስሠራ ዙሪያው የጤፍ ማሳ ነበር። ከዚያ መንግሥት ካስገነባቸው ኢንዱስትሪ ፓርኮች የመጀመሪያው የሆነው ይህ ፓርክ መጣ። በ2006 ዓ.ም. ሥራ ጀመረና የኮሪያው ሺንትስ ገባ፣ የሕንዱ ጄይ ጄይ ገባ፤ ልብሱም ጫማውም እዚህ እየተሰፋ ባሕር ማዶ መሄድ ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ ተቋቋመና፣ እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ የቦሌ ሰው መሆኔ ቀርቶ የለሚ ኩራ ሰው ሆንኩ። አድራሻዬን ለውጠውታል። ስልኬን ግን ያስተካከለልኝ የለም።

ግቢዬ ውስጥ ያሉትን ሰርቪስ ክፍሎች የተከራዩት የፓርኩ ሠራተኞች ናቸው። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከወላይታ የመጡ ልጆች፤ በአንድ ክፍል ሦስትም አራትም ሆነው የሚያድሩ፣ ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ሲመሽ የሚመለሱ። ከመካከላቸው አንድ ሲም ብቻ የያዘች የለችም። ፍራሽ ይጋራሉ፣ ምጣድ ይጋራሉ፣ ሲም ግን ለእያንዳንዷ ሁለት ሁለት ነው። መጀመሪያ ቅንጦት መስሎኝ ነበር ማለቴ አይደለም፤ እኔም ሁለት አለኝ። ያስገረመኝ ድሃ የሆነ ሁሉ ለሁለት ጌታ እንዲገብር የተደረገበት ብልሃት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ ሽማግሌ ከሥሩ ካልጀመረ አይሆንለትም። ዳግማዊ ምኒልክ ስልክን ወደ አገራችን ያስገቡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ነው። ከአዲስ አበባ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘረጋ። ካህናቱ በሳጥን ውስጥ የሚናገረው ሰይጣን ነው ብለው እንደተቆጡ ይነገራል። እኔ ካህናቱን አልፈርድባቸውም፤ ያችን ሴትዮ ቢሰሟት ምን ይሉ ነበር? ብቻ ያ ሽቦ አንድ ነበር፣ ድምፁም አንድ ነበር፣ ሐረር ግን ይደርስ ነበር። ዛሬ ጎረቤቴ ከአጥር ማዶ ሆኖ ሲደውልልኝ አይደርሰኝም።

ሞባይል የመጣው በ1991 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው አቅም ለአዲስ አበባ 36 ሺህ መስመር ያህል ነበር። ሲም ካርድ እንደ ዛሬ በጃንጥላ ሥር፣ ከማስቲካና ከሶፍት ጋር የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም። ተመዝግበህ ወረፋ ትጠብቃለህ፤ ሲደርስህ ጎረቤት እንኳን ደስ ያለህ ይልሃል። የእኔ ቁጥር በ0911 ይጀምራል። ልጆች ይህ ምን እንደሆነ አይገባችሁም። 0911 ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ ማዕረግ ነበር። ዕድር ላይ ቁጥሬን ስናገር «ዜሮ ዘጠኝ አሥራ አንድ» የምትለዋን ቀስ ብዬ ነበር የምላት። ከኋላዬ 0912 የሚል ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

ያ ሁሉ ክብር የቀለለው መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። ከዚያ በፊት ነሐሴ ላይ ድሬዳዋን ቀምሶ ነበር። የፈቃዱ ክፍያ 850 ሚሊዮን ዶላር። ከመቶ ዓመት በላይ አንድ ቤት ብቻ የነበረው ስልክ ሁለተኛ ቤት አገኘ፤ በ07 የሚጀምር ቁጥር በየመንገዱ ይታደል ጀመር። የእኛ ሰው ደግሞ ምክሩ የቆየ ነው፦ ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በሌላው ተንጠልጠል። አገር ሙሉ ባላውን ተከለ። እኔም ተከልኩ። ባላዎቹ በአንድ ጊዜ እንደማይቆሙ ግን የነገረን አልነበረም።

ሁለት መያዝ ደግሞ የግድ ነው። ጥቅል ስትገዛ ርካሹ ደቂቃ ለራሱ ኔትወርክ ነው፤ ስለዚህ ለ09ኙ ዘመድ 09 ትይዛለህ፣ ለ07ቱ ዘመድ 07 ትይዛለህ። ገንዘቡም እንደዚያው ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 መጣ፣ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ። አንዷ ተከራዬ ኪራዩን በአንደኛው ትልካለች፣ ሌላዋ በሁለተኛው፤ እኔ በመካከል ሁለት ፒን ይዤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳምታታ እውላለሁ። የአንዱ ጥቅል ማክሰኞ ያልቃል፣ የሌላው ዓርብ። አንዱ «ጥቅልዎ ሊያልቅ ነው» ይለኛል፣ ሌላው ይከተለዋል። የራሴ ልጆች ይህን ያህል አስበውልኝ አያውቁም።

መንግሥትም ሁለት መሆኑን ያውቃል። በ2010 ዓ.ም. ቀፎ በአይኤምኢአይ ቁጥሩ ካልተመዘገበ አይሠራም የተባለበትን ጊዜ አስታውሱ። ኮከብ መሰላል ዜሮ ስድስት መሰላል ብላችሁ ስትመቱ ባለ ሁለት ሲም ቀፎ ሁለት አይኤምኢአይ ያወጣል፤ አንዱ ለአንዱ ማስገቢያ፣ አንዱ ለሌላው። ለምዝገባ ሁለት ነው። ለካርድ ሁለት ነው። ለማስታወቂያ መልእክት ሁለት ነው። ለማውራት ሲሆን አንድ! ጡቱ ሁለት፣ ወተቱ አንድ የሆነ ነገር የት አገር ነው የተፈጠረው ብዬ ወደ ጎሮ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ።

ጠጋኙ ልጅ እግር ነው። «ፋዘር» አለኝ። ፋዘር! እናቱን የማላውቃት ልጅ! ዋጥኩት። «ፋዘር፣ ሲሙ ሁለት ነው እንጂ ውስጥ ያለው ሬዲዮ አንድ ነው። ይሄ አብዛኛው ቀፎ ላይ ያለ ነው» አለና አስረዳኝ። አነጋገሩ የልጅ ነው፤ ነገሩ ግን እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ እኔ ደግሞ በሽማግሌ አፍ ልንገራችሁ።

ቀፎው ሁለት በር ያለው ግቢ ነው፤ ዘበኛው ግን አንድ ነው። ስልካችሁ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሥራ የፈታ ይመስላችኋል። ዘበኛው ግን ከበር በር እየሮጠ ነው። ታወሩ ጥሪ ሲኖር በተወሰነ ቅጽበት ያንኳኳል፤ በፎርጂ ብዙውን ጊዜ በየ1.28 ሰከንዱ ነው። ማንኳኳቱም የሚሰማው ለጥቂት ሺሕኛ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ ዘበኛው የ09ኙን በር አዳምጦ ወደ 07ቱ ሮጦ ይደርሳል፣ ተመልሶም ይመጣል። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነው። ሁለቱም በር የተጠበቀ ይመስላል፤ ሻጩም «ሁለቱም ይሠራል» የሚለው ይህንኑ ይዞ ነው።

ጣጣው የሚመጣው አንዱ በር ሲከፈት ነው። እንግዳ ገብቶ ወሬ ሲጀመር ዘበኛው ከዚያ በር መንቀሳቀስ አይችልም፤ ድምፅ ሳይቋረጥ ማስተላለፍ አለበትና። በዚያኛው በር የመጣ ሰው ቢያንኳኳ፣ ቢጮኽ፣ ቢማልድ፣ የሚሰማው የለም። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀትም የለም። ያ ኩባንያ ደግሞ ግቢው ሌላ በር እንዳለው አያውቅም። እያንዳንዱ ኔትወርክ ቀፎውን የራሱ ብቻ አድርጎ ነው የሚያየው። አንኳኩቶ መልስ ሲያጣ ቤቱ ሰው የለበትም ብሎ ሴትዮዋን ይልካል። «መስመር ላይ ናቸው» ቢሉ እኮ ክብሬ ይጠበቅ ነበር። መስመር ላይ ያለ ሰው ተፈላጊ ሰው ነው። የማይገኝ ሰው ግን ምን ሠርቶ ነው የሚባል ሰው ነው።

ይሄን መላ ማን አወጣው እንዳትሉ፣ የፊንላንዱ ኩባንያ ቤኔፎን፣ ትዊን የሚባለውን ባለ ሁለት ሲም ስልክ በ2000 በፈረንጆቹ አውጥቶት ነበር። አውሮፓ ብዙም አልተደሰተበትም። ነገሩን ያደመቁት ቻይናዎቹ ናቸው። ቴክኖን የሚሠራው ትራንሽን አፍሪካ ውስጥ ስም ያወጣው ሕዝቡ ሁለት ሲም እንደሚይዝ ገብቶት ቀፎውን በዚያ ልክ ስለሠራ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥም ይገጣጥማል። ባለ ሦስት፣ ባለ አራት ሲም ቀፎም ወጥቶ ያውቃል። አፕል የተባለው ባለ ብዙ ገንዘብ እንኳ ሁለት ሲም የሚቀበል አይፎን ያወጣው በ2018 በፈረንጆቹ ነው፤ የመርካቶ ተሸካሚ ከያዘው ከስንት ዓመት በኋላ። በዚህ እኮራለሁ። ግን እሱም ቢሆን የአንድ ዘበኛ ነገር ነው፤ በአንዱ መስመር ሲወራ ሌላው በዳታ በኩል ካልተደገፈ ጥሪውን አይቀበልም።

«ታዲያ ሁለት ዘበኛ አይቀጥሩም?» አልኩት ጠጋኙን። ይቀጥራሉ! ቴክኒኩ አለ። ሁለት ሬዲዮ በአንድ ቀፎ፣ ሁለቱም መስመር በአንድ ጊዜ ንቁ። ኳልኮም የሚባለው የአሜሪካ ቺፕ ሠሪ ኅዳር 2015 ላይ ባወጣው ትልቁ ቺፕ ውስጥ አስገብቶታል፤ በአንዱ ሲም ፋይቭጂ፣ በሌላው ፎርጂ፣ ሁለቱም እኩል ይሠራሉ። ወሩን ልብ በሉ። እኛ አገር ሁለተኛው ኔትወርክ በገባበት ሰሞን ማለት ነው። ግን ሁለት ዘበኛ ሁለት ደመወዝ ይፈልጋል፤ ባትሪ ይበላል፣ አንቴና ይጨምራል፣ ዋጋ ይሰቅላል። ስለዚህ የተቀጠረው በውድ ቀፎ ላይ ነው። ውድ ቀፎ የያዘው ሰውዬ ደግሞ ጸሐፊ አለው፣ ሹፌር አለው፣ ሁለተኛ ስልክም አለው። ሁለተኛውን ዘበኛ የምትፈልገው ስፌት ላይ የምትውለው ልጅ ናት፤ የሚሰጠው ግን ለማይፈልገው ነው። ዓለም እንዲህ ናት ብሎ ማለፍ ለወጣት ይሆናል። እኔ ለማጉረምረም ጊዜ አለኝ።

ቀልድ አይምሰላችሁ፣ ይህ ነገር የሚጎዳው እኔን አይደለም። እኔ ያለፈኝ ጥሪ ቢበዛ የዕድር ስብሰባ ነው፤ እሱ እንዲያውም ቢያልፈኝ ጥሩ። የልጆቹን ነገር ግን ተመልከቱ። አንዷ እንደነገረችኝ ስልክ የምትይዘው በዕረፍት ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ዝም ያለ ቀፎ በምሳ ሰዓት ይጨናነቃል። ጓደኛዋ በ07 ትደውላለች፤ እናቷ በዚያችው ግማሽ ሰዓት በ09 ትደውላለች፤ ሁሉም ልጅቱ የምትገኘው መቼ እንደሆነ ያውቃሉና። ጠጋኙ «የሁለቱ መግጠም አልፎ አልፎ ነው» ይላል። ቀኑን ሙሉ ስልክ ይዞ ለሚውል ሰው አልፎ አልፎ ነው። ቀኗ ወደ ግማሽ ሰዓት ለተጨመቀባት ልጅ ግን መግጠሙ የዕለት ተዕለት ነው።

እናቷ ደግሞ ደቡብ ወሎ ናት። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ያቺ እናት ዳገቱን ወጥታ፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ቁጥሩን ስትመታ የምታገኘው ሴትዮዋን ነው። አሁን የእኛን አገር ትልቁን ፈጠራ አስቡት፤ ሚስኮልን። ብር የሌለው ሰው አንድ ጊዜ አስጮኾ ይዘጋል፣ ብር ያለው መልሶ ይደውላል። ስንት ቤተሰብ በዚህ ቆሟል! ሚስኮል እንዲመዘገብ ግን ቀፎው መጮኽ አለበት። ዘበኛው ሌላ በር ላይ ከሆነ አይጮኽም፤ ካልጮኸ ቀፎው ላይ ምልክት አይቀርም። ልጅቷ ወሬዋን ጨርሳ ስታይ ስልኳ ንጹሕ ነው፤ ማንም አልፈለጋትም። እናት ልጄ ጠፋች ትላለች፣ ልጅ እናቴ ረሳችኝ ትላለች፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ማታ ከግድግዳው ማዶ ስታለቅስ የምሰማት እኔ ነኝ፤ ቺፕ ሠሪው አይሰማትም።

የሥራ ጥሪም አለ። አሜሪካ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል ካስወጣች ወዲህ፣ ልብስ ሰፍቶ ለአሜሪካ በሚልክ ሰው ቤት ሥራ እንደ ድሮው በልበ ሙሉነት የሚያዝ ነገር አይደለም። ነገ ግቢ ተብሎ የሚደወል ስልክ ቢያልፍ ተረኛዋ ሌላ ናት። ደዋዩ ሁለቴ አይደውልም፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው።

መፍትሔ የለም እንዳትሉኝ። የዓለምን የሞባይል ደንብ የሚጽፈው ስሪጂፒፒ የሚባለው ማኅበር በ2022 በፈረንጆቹ ባጠናቀቀው 17ኛ ደንቡ ይህንኑ ችግር ቁጭ ብሎ መክሮበታል። ሽማግሌ የሌለበት ሸንጎ ቢሆንም ደህና ነገር ወስነዋል። ዘበኛው በር ለቆ ሲሄድ «ወደዚያኛው ሄጃለሁ፣ እንዳታንኳኳ» ብሎ ለኔትወርኩ መንገር ይችላል። ኔትወርኩም ሲያንኳኳ የመጣው የድምፅ ጥሪ መሆኑን አስቀድሞ ይናገራል፤ ዘበኛው ቪዲዮ እያስገባ ከሆነ ትቶ ወደ ሰው ይሮጣል። ወይም እንግዳ ይዣለሁ ብሎ ይመልሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ዘበኛ ነው! ግን ቀፎውም ኔትወርኩም ደንቡን ሥራ ላይ ካላዋሉት ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ እኛም አገር ሞልቷል።

የልጅ ልጄ እንግዲህ ብልሃተኛ ነኝ ባይ ነው። «አባባ፣ ዳይቨርት ላድርግልህ» አለኝ። የማይገኝ መስመር ጥሪውን ወደ ሌላው እንዲያሻግር ኮከብ ኮከብ ስድሳ ሁለት ኮከብ ብሎ ቁጥር መታ። በ07 ሳወራ 09 አይገኝም፤ ስለዚህ የ09ኙ ጥሪ በ07 በር ይመጣና «ቲት ቲት» ይላል። እውነትም ሠራ! ተሰብስበን አጨበጨብን። ማጨብጨቡን የተውነው የተሻገረው ጥሪ ሒሳብ ከእኔ ላይ እንደሚቆረጥ ስንረዳ ነው። ሰው ደውሎልኝ እኔ እከፍላለሁ! ደግሞ ልጁ ነገር ሲወድ አያልቅበትምና 07ንም ወደ 09 አዞረው። ቀፎውን አጥፍቼ ስተኛ ጥሪው ከ09 ወደ 07፣ ከ07 ወደ 09 ሊመላለስ ነው ማለት ነው። እኔ ተኝቼ ዘመዴ በሁለት ኩባንያ መካከል ሲንከራተት ማደሩን ሳስበው እንቅልፍ አጣሁ። አስፈታሁት።

የባለቤቴ ምክር አጭር ነበር፤ «ሁለት ቀፎ ግዛ።» ገበያ የማትሄድ ሴት አነጋገር ነው። ሁለት ቀፎ ማለት ሁለት ቻርጀር ነው፣ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ማከፋፈያ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ሁለት ሬሳ ነው። ደግሞ ሁለት ቀፎ ጠረጴዛ ላይ የደረደረ ጡረተኛ ሲታይ ደላላ ነው ይባላል። በዕድሜዬ ያላተረፍኩትን ስም አሁን አላተርፍም።

ስለዚህ አቤቱታዬን እንደ ወጉ ላቅርብ። አንደኛ፣ ለስልክ ሻጮች፦ ካርቶኑ ላይ «ሁለት ሲም» ብላችሁ በትልቁ ስትጽፉ «በአንድ ጊዜ የሚያወራው ግን አንዱ ነው» ብላችሁ በዚያው ልክ ጻፉ። ሁለተኛ፣ ለሁለቱ ኩባንያዎች፦ እናንተ ምሰሶ መከራየት ተስማምታችኋል፣ የደንበኛን ጥሪ መቀባበል ተስማምታችኋል፤ ጥሪ ከአንዱ ሲም ወደ ሌላው ሲሻገር ያለ ሒሳብ ቢሆን ምን ይጎድልባችኋል? 17ኛውን ደንብም ሥራ ላይ አውሉት። ሴትዮዋንም ቢሆን «ምናልባት በሌላ መስመራቸው እያወሩ ይሆናል» ማለት አስተምሯት፤ ትችላለች፣ ብልህ ናት። ሦስተኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፦ ውድድር አመጣችሁልን ብለን አመስግነናል፤ አሁን ደግሞ ተወዳዳሪዎቹ በአንድ ኪስ ውስጥ ተስማምተው እንዲኖሩ አድርጉልን። አራተኛ፣ ቀፎ ለሚሠሩት፦ በእኛ ሁለት ሲም ነው የከበራችሁት። ሁለተኛውን ዘበኛ ርካሹ ቀፎ ላይ ቅጠሩ።

እስከዚያው ምን እየተደረገ እንደሆነ ልንገራችሁና ላብቃ። ተከራዮቼ መላ አግኝተዋል። ሳይጠይቁኝ፣ ሳያማክሩኝ፣ ለየእናቶቻቸው የእኔን 0911 ሰጥተዋል፤ «እኔን ካጣሽ አባባ ላይ ደውዪ» ብለው። ስለዚህ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ይጀምራል። ከወሎ «አባባ፣ ልጄ ደህና ናት ወይ?»፣ ከጎጃም «ጋሼ፣ ብሩ ደርሶኛል በልልኝ»፣ ከወላይታ አማርኛዋ እስኪያልቅ ሰላምታ የምታወርድልኝ እናት። በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ማታ በየበሩ እያንኳኳሁ አደርሳለሁ። ያ ማዕረግ የነበረው ቁጥሬ የቦሌ ለሚ ማዕከል ሆኖ ዐረፈው። በአሜሪካ ቺፕ ውስጥ በውድ ዋጋ የገባው ሁለተኛው ዘበኛ፣ በእኛ ሰፈር በነጻ እኔ ነኝ።

ነጻ መሆኑን ግን አልተስማማሁበትም። ዘበኛ ደመወዝ አለው። ቺፕ ሠሪውም፣ ቀፎ ሠሪውም፣ ሁለቱ ኩባንያዎችም ተነጋግረው ይላኩልኝ፤ በቴሌብርም በኤም-ፔሳም እቀበላለሁ። ብቻ ልከናል ብላችሁ እንዳትደውሉ። አታገኙኝም።